ተከሳሽ አስተርጓሚ ይቆምለታል፤ በሽተኛስ?

(ይህ ጽሑፍ ኮምቦልቻ ላይ ለጤና ሠራተኞች፣ ለዕድርና ለሴቶች ማኅበራት ተወካዮች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ነው። ተናጋሪዋ በወሎ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለረጅም ዓመታት በነርስነት ያገለገሉ እናት ሲሆኑ ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀዋል። ከጥቂት ማሳጠር በቀር እንዳለ አቅርበነዋል። - ዝግጅት ክፍሉ)



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ግን ይህ ተረት አንድ ሰው ረስቷል። በሽታውን ያልደበቀውን፣ እንዲያውም ከሚሌ ወይም ከባቲ ድረስ በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጥቶ፣ ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብሎ አንድ ሳያስቀር የዘረገፈውን፣ ግን የሚሰማው ያጣውን ሰው ረስቷል። እሱ ምን ይባል? ደበቀ እንበል? አልደበቀም። ተናገረ እንበል? ማን ሰምቶት!

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሰው ነው። ስለ መድኃኒት እጥረት፣ ስለ አልጋ፣ ስለ ራጅ መሣሪያ ትናገራለች ብላችሁ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር በደሴና በኮምቦልቻ የደረሰውን፣ ሆስፒታሎቻችን እንዴት ተዘርፈው ባዶ ግድግዳ እንደቀሩ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ማሽን ግን በእርዳታም በግዥም ይተካል። እኔ የምናገርለት ነገር ከዝርፊያው በፊትም አልነበረም፤ ዕቃው ከተተካ በኋላም የለም። ሌባ እንኳ ሊወስደው አልቻለም፤ ስለሌለ!

አስተርጓሚ ነው የምላችሁ።

እስቲ የምንኖርበትን አገር እንየው። ከዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ብንወርድ ባቲ ነው። ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ አፋሩ ግመሉን እየጎተተ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው እህሉንና ፍየሉን ይዞ ይገናኛል። እዚያ ማንም አስተርጓሚ ቅጠሩልን አይልም፤ ነጋዴው በሦስት ቋንቋ ይከራከራል፣ በሦስት ቋንቋ ይምላል። ወደ ደቡብ ሐርቡን አልፈን ከሚሴ ስንደርስ ትምህርት ቤቱም ቢሮውም በኦሮምኛ ነው። ወደ ሰሜን ሩቅ ሲኬድ ራያ ላይ ትግርኛው፣ ዋግ ላይ ኽምጣንኛው አለ። ይህ ሁሉ ሰው ጤና ሲሆን በየቋንቋው ይኖራል። ሲጠናበት ግን ብዙው የሚባለው አንድ ነገር ነው፤ «ደሴ ሪፈር ተብለሃል።»

ሪፈር ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። የከሚሴው ሐኪም ይጽፋል፣ የደሴው ሐኪም ያነባል፤ ሁለቱ ይግባባሉ። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ወረቀቱ ይናገራል፣ ወረቀቱን ይዞ የመጣው ሰው ግን ዲዳ ይሆናል። ካርድ ክፍል ሲደርስ ስሙ ይበላሻል። ላብራቶሪ ሲደርስ ዕቃ ይሰጡታል፤ ሽንት ይሁን ሰገራ አያውቅም፣ ተራ የያዘው ሰው በምልክት ያሳየዋል። የሚስቅም አለ።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ የትም ሊሆን ይችላልና። አንዲት እናት ከከሚሴ በኩል፣ ከገጠር መጥታለች። አማርኛ የላትም። አስተርጓሚዋ የገዛ ልጅዋ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። «ምኗን ነው የሚያማት? ጠይቃት» አለው። እናትየው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ብዙ ተናገረች። ልጁ አቀረቀረ። ጆሮው ቀላ። ከዚያ «ሆዴን ያመኛል ነው የምትለው» አለ። ከዚያ ሁሉ ንግግር አራት ቃል! ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ?» ሲለው እናቱን ሳይጠይቅ «ከትናንት ወዲያ» ብሎ መለሰ። ሰገራ ታዘዘላት፣ ትል ተገኘባት (በገጠራችን ማን ላይ ነው የማይገኝ!)፣ ክኒን ተጻፈላትና ተሸኘች።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ኦሮምኛ የምትሰማ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አገኘቻት። «አብሽሪ እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» ብላ በቋንቋዋ ጠየቀቻት። ሴትየዋ የተናገረችው ባለፈው ዓመት በወሊድ ሁለት ቀን ሙሉ ካማጠች ወዲህ ሽንቷ ያለማቋረጥ እንደሚፈስ ነበር። ባልዋ ትቷታል። ፊስቱላ ነው እንግዲህ፤ መዳኛው ቀዶ ጥገና እንጂ የትል ክኒን አይደለም። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን አስደግፋ እጇን ይዛ ወደ ሐኪሙ መለሰቻት። ያቺ ሠራተኛ ባትኖርስ?

ልጁ ዋሸ እንዳትሉ። ምን ያድርግ? የእናቱን ገመና ለማያውቀው ወንድ በአፉ ያውጣ? እናትየዋስ በልጅዋ አፍ እንዴት ትናገረው? ሐኪሙንም አልወቅሰውም። ሰባት ዓመት ሲማር የሳንባን ጅማት ሁሉ በእንግሊዝኛ አስተማሩት፤ ጎረቤቱ ስለሚናገረው ቋንቋ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አላስተማሩትም። የምወቅሰው የሕክምናን ዋና መሣሪያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ላይ ጭኖ «አገልግሎት ሰጥቻለሁ» ብሎ ሪፖርት የሚጽፈውን ክፍል ነው። ሪፖርቱ ላይ ያቺ ሴት «ታክማ የተሸኘች» ተብላ ተቆጥራለች።

ልጅ ሲሆን ይህ ነው። ባል ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ሚስት አሥር ደቂቃ ትናገርና ባል «ደህና ናት፣ ራሷን ብቻ ነው» ይላል። ቤት ውስጥ የሚመታት እሱ ከሆነስ? በሽታውን ያስያዛት እሱ ከሆነስ? ዘበኛ ሲያስተረጉም ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። ዘበኛው የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው፤ የደም ምርመራ ውጤት በእሱ አፍ ከተነገረ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ አብሮ ይሸጣል። ይህን ስለሚያውቅ ታካሚው አይናገርም። እንግዲህ «በሽታውን የደበቀ» የሚለው ተረት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ማን እንዳስደበቀው ግን ተረቱ አይናገርም።

በነገራችን ላይ የጽዳት ሠራተኞቹን፣ ዘበኞቹን፣ የካፌ አስተናጋጆቹን አቅልዬ እንዳታዩብኝ። የሆስፒታሎቻችን የትርጉም ክፍል እነሱ ናቸው። ደመወዝ የለውም፣ ሥልጠና የለውም፣ ምስጋናም የለውም። እንዲያውም መጥረጊያ ትተው በማስተርጎማቸው «የት ጠፋሽ?» ተብለው የሚቆጡ አሉ!

አሁን ደግሞ «እኛ አማርኛ ስለምንችል አይመለከተንም» የምትሉ አማርኛ ተናጋሪዎች፣ ወደ እናንተ ልመለስ። ይመለከታችኋል።

ሐኪሙ አንድን የደላንታ ገበሬ «ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው» ይለዋል። ኔጌቲቭ ምንድነው? መጥፎ ነገር መሰለው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጎኑ ያለው ጎረምሳ «ፖዘቲቭ» ተባለና ደስ ብሎት ወጣ። ስቃችኋል፤ እኔም ስቄ ነበር። ግን አስቡት፤ ያ ጎረምሳ ውጤቱን በደስታ ይዞ ቤቱ ሲሄድ ሚስቱ ትጠብቀዋለች።

በአማርኛ የምንናገረውም ቢሆን ችግር አለው። «ደም ብዛት» እንላለን። ሕመምተኛዋ ደሜ በዛ ማለት ነው ብላ ትረዳለች፤ የደም ሥር ውስጥ ያለ ግፊት መሆኑን ማን ነገራት? በወሩ ስትመጣ ደግሞ «ደም ማነስ አለብሽ» ትባላለች። «እንዴ! ባለፈው በዝቷል ብላችሁኝ?» ብላ የግፊቱን ክኒን ታቆማለች። ልክ ናት እኮ! በሰማችው ቃል ከሄድን ትክክለኛው መደምደሚያ ነው። ክኒኑን ያቆመ ሰው ደግሞ በስትሮክ ተመልሶ ይመጣል። «ነቀርሳ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ለካንሰርም ነቀርሳ እንላለን፣ ቲቢውንም የሳንባ ነቀርሳ እንላለን። ቲቢ በስድስት ወር መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ነገር ግን «ነቀርሳ» ሲባል የሰማ ሽማግሌ «እንግዲህ ሞቴ ነው» ብሎ ክኒኑን ጥሎ ጠበል ይሄዳል። ጠበሉን አልቃወምም፤ ክኒኑንም ይዞ ይሂድ ነው የምለው።

ከዚያ ፋርማሲ ነው። ማዘዣው ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ እንኳ አይደለም፤ የላቲን ምኅጻር ነው። ሐኪሙና ፋርማሲስቱ በሦስት ፊደል ይነጋገራሉ። ፋርማሲስቱ ወረፋው ረዝሞበት «ጠዋትና ማታ» ብሎ ይሰጥሃል፤ አፋርኛ ብቻ የሚያውቀው ግን ይህቺንም አይሰማም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ማብራሪያ ወረቀት እንግሊዝኛ ነው። የሚያበቃበት ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ፊደል ቆጥሬያለሁ የሚለው ልጅ የፈረንጁን ዓመት በኛው አቆጣጠር ቆጥሮ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል ሊል ይችላል። በየስምንት ሰዓቱ ውሰድ የተባለውን «ስምንት ሰዓት ላይ» ብሎ የተረዳ፣ በቀን አንዴ ብቻ የዋጠም አጋጥሞኛል። ያ ሰው እንዴት ሞኝ ይባላል?

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቱን ታውቋቸዋላችሁ፤ በምዕራቡ ዓለም ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዶክተር ተብለው የሚጠሩት። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲሰብሩ ያገኙት ሕፃን ነበሩ። መቅደላ የት ነው? እዚሁ፣ ደቡብ ወሎ! ሕንድ ወስደው አሳደጓቸው፤ በላሆርና በስኮትላንድ ተምረው ዶክተር ሆኑ። ከአድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ብለው ሲመጡ ግን አማርኛው ጠፍቷል። የራሳቸውን ወገን ለማከም ቋንቋውን እንደ እንግዳ መማር ነበረባቸው። ተማሩት ደግሞ፤ ኋላ በአማርኛ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሱ። የኛ ዘመን ሐኪም ከአገሩ ሳይወጣ፣ እዚሁ አድጎ፣ እዚሁ ተምሮ ከታካሚው ጋር ሲለያይ ግን ያሳዝናል።

እንግዲህ ወደ ርእሴ ልምጣ።

አንድ ሰው ደሴ ላይ ሰው ደበደበ ተብሎ ቢያዝ ምን ይሆናል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል። አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 7 ላይ ደግሞ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድ ከሆነ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በጣም ጥሩ ሕግ ነው። ማንም ሰው ያልገባውን ክስ ሰምቶ መታሰር የለበትም። ዳኛው «ልጁ ያስተርጉምለት» ቢል፣ ወይም የግል ተበዳዩ ወንድም ያስተርጉም ቢል ጠበቃው ይጮሃል፤ መጮህም አለበት።

ያው ሰው በማግስቱ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሆስፒታል ቢገባስ? ሆዱን ሊቀዱት ነው። የስምምነት ወረቀት ይቀርብለታል። ወረቀቱን አያነበውም፤ የሚያነብለትም የለም። ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2006 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ቁጥር 299 ያለ ታካሚው ፈቃድ ሕክምና እንዳይሰጥ ይላል። ፈቃድ ምንድነው? ያልገባውን ወረቀት በአውራ ጣት ማተም ፈቃድ ከሆነ በጉም ከመታረዱ በፊት ፈቅዷል ማለት ነው! ለስድስት ወር እስራት አስተርጓሚ የሚቆምለት ሰው፣ ለነፍሱ ጉዳይ አስተርጓሚ የለውም። ይህን የሚያስረዳኝ ባለሥልጣን ካለ ዛሬም ቢሆን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ስለ ቋንቋ መብት ሠላሳ ዓመት በላይ ሲዘመርልን ኖሯል። ሰሌዳ ተጻፈ። ማኅተም ተቀረጸ። በዓል ተከበረ፣ ተጨፈረ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ ሶማልኛና ትግርኛ ከአማርኛ ጎን የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ይሁኑ ተባለ። እሰየው! ግን ይህ ሁሉ መብት የሐኪሙን ክፍል በር አንኳኩቶ አያውቅም። የቢሮ ሰሌዳ በሦስት ቋንቋ የተጻፈለት ሰው፣ የታመመ ዕለት በምልክት ይናገራል። ቋንቋ ሲባል ፖለቲካ ብቻ የሚታየን ሰዎች በዝተናል፤ ደግፈንም ተቃውመንም የምንጣላው በሰሌዳው ነው። ኦሮምኛ ይወደድ ይጠላ የሚል ክርክር ውስጥ የለሁበትም። ያቺ እናት ምን እንዳመማት ይታወቅ ነው የምለው።

አሁን ከአገር ልውጣ። ከወሎ ተሰዶ ዋሽንግተን ዲሲ የገባ፣ እንግሊዝኛ የማይችል ሽማግሌ ቢታመም ምን ያገኛል? የአሜሪካ የ1964 (እ.ኤ.አ.) የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል፤ ቋንቋ ባለመቻሉ አገልግሎት ማጣትም በዚህ ውስጥ ተቆጠረ። ዋሽንግተን ከተማ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የራሷን የቋንቋ ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ምን መሰላችሁ? አማርኛ! በ2010ሩ የጤና መድን ሕግ መሠረት የወጣ ደንብ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግን ከልክሏል። ያ የከሚሴ ልጅ እዚያ ቢሆን ክፍሉ ውስጥ አይገባም ነበር ማለት ነው።

ፈረንጅ ይህን ያደረገው ከደግነቱ ብቻ አይደለም፤ ተቀጥቶ ነው። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት የኩባ ስደተኞች ልጅ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ በስፓኒሽ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ የበላው ወይም የጠጣው ነገር አሞት ነው ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ በእንግሊዝኛው ጆሮ ሰምተው አደንዛዥ ዕፅ ወስዷል ብለው አከሙት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። ሆስፒታሉ በልጁ ዕድሜ ዘመን እስከ 71 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ካሣ ሊከፍል ተስማማ። በአንድ ቃል! ከዚያ በኋላ የአስተርጓሚ ደመወዝ ውድ ነው የሚል ክርክር ሲነሳ ይህ ታሪክ ይጠቀሳል።

እዚያም ቢሆን ገነት ነው እያልኩ አይደለም። በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጋቢት ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ነው ብለው በ2000 የወጣውን የቋንቋ አገልግሎት ትእዛዝ ሽረዋል። ሕጎቹ ግን አልተሻሩም። የሚገርመኝ ይህ ነው፤ የወሎ ሰው አትላንቲክን ተሻግሮ በአማርኛው የመታከም መብት ሲያገኝ፣ ጎረቤቱ ከባቲ ደሴ ተሻግሮ በአፋርኛው አያገኝም።

ወደ ዐረብ አገር የሄዱት ልጆቻችንስ? ይህ አዳራሽ ውስጥ ሳውዲ ወይም ቤይሩት ልጅ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ልጅቷ ትታመማለች፤ ሐኪሙ ዐረብኛ ብቻ ነው። አስተርጓሚዋ ማናት? ማዳም! «ከፎቅ ወደቅሁ» ያለችውን «ደረጃ አዳልጧት ነው» ብላ፣ «እንቅልፍ ከለከሉኝ» ያለችውን «ራሷን ያማታል» ብላ የምትተረጉመው አሠሪዋ ናት። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ወደ ወሎ ከተመለሱት መካከል አእምሮአቸው የተነካ ብዙ ልጆች አይተናል። ምን እንደደረሰባቸው በቋንቋቸው የጠየቃቸው ሰው ያገኙት አገራቸው ከገቡ በኋላ ነው። ለልጆቻችን በጅዳ የሚያንገበግበን ነገር፣ ለሰው ልጅ በደሴ ለምን አያንገበግበንም?

«በጀት የለም» እንደምባል አውቃለሁ። ሦስት ነገር ልመልስ።

አንደኛ፣ ይህችው አገር መላውን ታውቀዋለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ የቆመው ከዚያው ከቀበሌው የተገኘች፣ የሰፈሩን ቋንቋ የምትናገር ልጅ በመቅጠር ነው። እናቶች ለምን ሰሟት? ስለምትግባባቸው ነው። እርግዝናውን በቋንቋዋ ስትከታተል የቆየች እናት ምጥ ሲጠናባት ወደ ሆስፒታል ትላካለች፤ እዚያ በር ላይ ቋንቋው ይቋረጣል። ጉዳዩ ከባድ በሚሆንበት ቦታ ላይ!

ሁለተኛ፣ ስልክ አለ። አውስትራሊያ በ1973 (እ.ኤ.አ.) በስልክ የማስተርጎም አገልግሎት ስትጀምር የነበራት ያው የገመድ ስልክ ነበር። ዛሬ በያንዳንዳችን ኪስ ሞባይል አለ። የሞባይል ሂሳቤ ለምን አለቀ ብለን 994 ስንደውል «ለአማርኛ ይህን፣ ለኦሮምኛ ያን፣ ለሶማልኛ፣ ለትግርኛ…» እየተባለ ያስመርጡናል። ለአምስት ብር ሂሳብ ቋንቋ ይመረጣል! በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ማንም ሰው ስልክ ሲደውል በመጥሪያው ፋንታ የጤና ምክር እንዲሰማ ተደርጎ ነበር። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው። አንድ አፋርኛ የሚችል ነርስ ዱብቲ ወይም ሰመራ ተቀምጦ ለደሴ ሐኪም በስልክ ለማስተርጎም ምን ያግደዋል?

ሦስተኛ፣ ሰዎቹ አሉ። እዚሁ ኮሪደር ላይ መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል። ከነሱ መካከል የሚሆኑትን መርጦ፣ ምስጢር መጠበቅን፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መተርጎምን አስተምሮ፣ በመዋቅሩ ላይ «አስተርጓሚ» የሚል መደብ ከፍቶ ደመወዝ መክፈል ነው። ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ። ካርድ ሲወጣ ዕድሜና ቀበሌ እንደሚጻፈው ሁሉ ታካሚው የሚናገረው ቋንቋ ይጻፍ፤ የቀለም ወጪው ምን ያህል ነው? የመድኃኒቱ ከረጢት ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይሣል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ተማሪዎቹ «የት ያምሃል? መቼ ጀመረህ? መድኃኒቱን ከምግብ በፊት ውሰድ» የሚለውን በኦሮምኛና በአፋርኛ ያስተምር። ሐኪሙ ቢያንስ «ገራ» ሆድ መሆኑን፣ «ቆሪቻ» መድኃኒት መሆኑን ይወቅ። እነዚህን ሁለት ቃላት ሲሰማ የታካሚው ፊት እንዴት እንደሚፈታ አይቼዋለሁ። መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችንም አሉ፤ የምልክት ቋንቋ የሚችል አንድ ሰው በየሆስፒታሉ ቢኖር ለእነሱም በር ይከፈትላቸዋል።

ከበላይ ትእዛዝ እስኪመጣ ግን ዝም ብለን አንቀመጥ። ዕድር ያለው ሕዝብ ነን፤ ሬሳ ለማንሳት የምንደራጀውን ያህል ሰው ሳይሞት ለማስተርጎም ብንደራጅ ምን አለበት? እዚህ ጠረጴዛ ላይ ደብተር አስቀምጫለሁ። ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ አርጎብኛ፣ ትግርኛ ወይም የምልክት ቋንቋ የምትችሉ፣ በሳምንት አንድ ቀን ወይም በስልክ ግማሽ ሰዓት መስጠት የምትፈልጉ ስማችሁንና የምትችሉበትን ቀን ጻፉ። ሴቶች በተለይ ያስፈልጉናል። ምስጢር መጠበቅን የሚያስተምሩ ሁለት ጡረታ የወጡ ነርሶች አሉን፤ አንዷ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ትምህርት የሚጀምረው በሚመጣው ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ በኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ በፈረንጁ አይደለም።